አር ለጀማሪዎች፤ የጎመን ሙከራ ውጤትን በኮምፒዩተር መመርመር

ለከተማ ግብርና ባለሙያዎች፣ ለመስክ ረዳቶችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ከአየር ጤና ተነሥቶ ወደ ዓለም ገናና ወደ ሰበታ በሚወስደው የጅማ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው መሬት ዛሬ አብዛኛው ቤት ተሠርቶበታል። ይሁን እንጂ በየግቢው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ወይም ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ አሁንም አለ። እነዚህ ቤተሰቦች የግብርና ባለሙያ ሲያገኙ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለጎመኑ ብስባሽ ይበቃል ወይስ ዩሪያም ልግዛ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ይግዙ» ብለን ስንመክር ከቤተሰቡ ኪስ ገንዘብ እናስወጣለን። «አይግዙ» ስንልም ሊገኝ ይችል የነበረውን ምርት እናስቀርባቸው ይሆናል። ስለዚህ መልሳችን በግምት ወይም አንድ ማሳ ላይ በታየ ነገር ላይ ብቻ ሊመሠረት አይገባም። ሙከራ ማድረግ፣ ምርቱን መመዘንና የታየው ልዩነት ከአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን መመርመር ያስፈልጋል።

ይህን ምርመራ ለማካሄድ ዛሬ በምርምር ሠራተኞች ዘንድ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ከዚህ በፊት በኮምፒዩተር ቋንቋ ትእዛዝ ጽፈው የማያውቁ ሠራተኞች አንድ አነስተኛ የጎመን ሙከራ ይዘው ከዕጣ አጣጣሉ ጀምሮ ለቤተሰቡ እስከሚሰጠው ምክር ድረስ እንዲለማመዱ እናሳያለን። ጀማሪ ሠራተኛ ቋንቋውን በሙሉ ማወቅ አያስፈልገውም። ጥቂት ትእዛዞችና በሚገባ የተያዘ የመስክ መዝገብ ለመጀመር ይበቁታል።

2. አር ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

አር የሥራ ትእዛዞችን በጽሑፍ እየተቀበለ የሚያሰላ፣ ሠንጠረዥ የሚያወጣና ሥዕላዊ መግለጫ የሚሠራ ቋንቋ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በጆን ቻምበርስና በባልደረቦቹ የተዘጋጀው «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ነው። ከዚያ በኋላ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በዚያው አካሄድ አርን ሠሩ። በ1993 ለሌሎች አስታወቁ፤ በ1995 ደግሞ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለቀቁት። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣው የካቲት 29 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙም ከሁለቱ ሰዎች የመጠሪያ ስም የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ ነው።

ዘዴው ራሱ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል፤ የተወለደውም በእርሻ ማሳ ላይ ነው። ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1919 በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ የቫርያንስ ትንተናንና ማሳን በዕጣ የመደልደልን ዘዴ አስፋፍቷል። በ1925 እና በ1935 ያሳተማቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ ድረስ ለሙከራ አሠራር መሠረት ናቸው። በአገራችንም የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ከተቋቋመ ጊዜ ጀምሮ የዝርያና የማዳበሪያ ሙከራዎች የሚካሄዱት በዚሁ መሠረት ነው።

አርን ለጀማሪ የምንመርጥበት ምክንያት ሦስት ነው።

ሀ) የፈቃድ ክፍያ የለውም። ከሌሎች የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ለ) አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስለዚህ መስመሩ በተቋረጠበት ቀን ሥራ አይቆምም።

ሐ) የሠራነው ሥራ በሙሉ በጽሑፍ ይቀመጣል። አንድ ሠራተኛ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር ተተኪው ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ እያንዳንዱን እርምጃ ሊያይ፣ ሊደግምና ሊያርም ይችላል። ከሦስቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

3. ከመትከል በፊት፤ ሙከራውን መደልደል

አር የተበላሸ ሙከራ አያቃናም። ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው ከመደቡ ነው።

ሙከራችን የሚከተሉት ሦስት አያያዞች አሉት፦

ባዶ፦ ምንም ያልተጨመረበት
ብስባሽ፦ ብስባሽ (ኮምፖስት) ብቻ የተጨመረበት
ድርብ፦ ያው ብስባሽ ከዩሪያ ጋር የተጨመረበት

እያንዳንዱ መደብ 2 ሜትር በ2 ሜትር ነው። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ የታችኛው ወገን ርጥበት ይይዛል፤ የላይኛው ግን ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ግቢውን ከታች ወደ ላይ በአራት ብሎክ እንከፍላለን። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ሦስቱም አያያዞች አንድ አንድ መደብ ያገኛሉ። ጠቅላላው 12 መደብ ይሆናል።

በየብሎኩ ውስጥ የትኛው አያያዝ በየትኛው መደብ ላይ እንደሚውል የሚወሰነው በዕጣ ነው። «ብስባሹን ለመኪና በሚቀርበው በኩል እናድርገው» ማለት አይገባም፤ በር አጠገብ ያለው መደብ ከሌላው የተሻለ ወይም የከፋ ሊሆን ይችላልና። አር ዕጣውን ሊያወጣልን ይችላል፤ ይህንንም ከዚህ በታች እናያለን።

4. ፕሮግራሙን ማዘጋጀት

አር «ክራን» ከተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ይገኛል። በቢሮው ኢንተርኔት ከሌለ አንዱ ባልደረባ ወይም በአቅራቢያ የሚገኝ ኮምፒዩተር ቤት አውርዶ በፍላሽ ሊያመጣው ይቻላል። ከእርሱ ጋር «አርስቱዲዮ» የተባለውን ረዳት ፕሮግራም መጫን ጠቃሚ ነው። አርስቱዲዮ የምንጽፈውን ትእዛዝ፣ ውጤቱንና ሥዕሉን በአንድ መስኮት ላይ ያሳየናል። እርሱም ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት አለው።

የአር ትእዛዞች የእንግሊዝኛ ቃላት ስለሆኑ በኮምፒዩተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በአነባበባቸው እናስቀምጣቸዋለን። ለመረጃችን የምንሰጠው ስም ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ከስሪት 4.2 (2022 እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአዲሶቹ ዊንዶውስ ላይም የግዕዝ ፊደል ያለ ችግር ይሠራል።

5. የመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች

አር ሲከፈት የ > ምልክት ያሳያል። «ትእዛዝህን ጻፍ፤ ዝግጁ ነኝ» ማለቱ ነው። 10 + 13 ብለን ብንጽፍና የማስገቢያውን ቁልፍ ብንጫን 23 ይመልሳል።

ለአንድ ቁጥር ወይም ለቁጥሮች ስብስብ ስም ለመስጠት የ <- ምልክት እንጠቀማለን። ቁጥሮችን ለመሰብሰብ «ሲ» የተባለችውን ትእዛዝ እንጽፋለን። ለምሳሌ፦

ክብደት <- ሲ(10, 8, 7, 5)
ሚን(ክብደት)

«ሚን» አማካይ ማለት ነው። መልሱ 7.5 ይሆናል። ተማሪው ይህን በእጁ አስልቶ ማመሳከር አለበት። በእጅ ሊሠራ በሚችል ቁጥር መጀመር ማሽኑን በጭፍን ከማመን ያድናል።

በየብሎኩ ዕጣ ለማውጣት ደግሞ፦

ሳምፕል(ሲ("ባዶ", "ብስባሽ", "ድርብ"))

ብለን አራት ጊዜ፣ ለየብሎኩ አንድ አንድ ጊዜ እናዛለን። የሚወጣውን ቅደም ተከተል በመዝገባችን ላይ ጽፈን በመደቦቹ ላይ እንተክላለን። የወጣው ቅደም ተከተል ደስ አላሰኘንም ብለን እንደገና ዕጣ መጣል ግን ክልክል ነው።

ስለ አንድ ትእዛዝ ማብራሪያ ለማግኘት ከስሙ በፊት የጥያቄ ምልክት ይጻፋል፦ ?ሚን

6. መረጃውን ማስገባትና መፈተሽ

ከየመደቡ በተከታታይ የተቆረጠው የጎመን ቅጠል ተመዝኖ ድምሩ በኪሎግራም ተመዝግቧል እንበል። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ለልምምድ የተዘጋጀ ምሳሌ እንጂ የእውነተኛ ሙከራ ውጤት አይደለም።

ብሎክ 1 (ታችኛው)፦ ባዶ 10፣ ብስባሽ 13፣ ድርብ 13
ብሎክ 2፦ ባዶ 8፣ ብስባሽ 10፣ ድርብ 12
ብሎክ 3፦ ባዶ 7፣ ብስባሽ 10፣ ድርብ 9
ብሎክ 4 (ላይኛው)፦ ባዶ 5፣ ብስባሽ 7፣ ድርብ 8

ይህንኑ ለአር እንዲህ እንነግረዋለን፦

ምርት <- ሲ(10, 13, 13, 8, 10, 12, 7, 10, 9, 5, 7, 8)
ማዳበሪያ <- ፋክተር(ሬፕ(ሲ("ባዶ", "ብስባሽ", "ድርብ"), 4))
ብሎክ <- ፋክተር(ሬፕ(1:4, ኢች = 3))

«ሬፕ» ድገም ማለት ነው። በሁለተኛው መስመር ሦስቱ ስሞች በቅደም ተከተል አራት ጊዜ ይደገማሉ። በሦስተኛው መስመር ደግሞ እያንዳንዱ የብሎክ ቁጥር ሦስት ሦስት ጊዜ ይደገማል። «ፋክተር» የሚለው ትእዛዝ እነዚህ የምድብ መለያዎች እንጂ የሚደመሩ ቁጥሮች አለመሆናቸውን ያስታውቃል። የዚህን ጥቅም ወደ ፊት እናያለን።

ወደ ስሌት ከመሄድ በፊት መረጃው በሥዕል ይታይ፦

ቦክስፕሎት(ምርት ~ ማዳበሪያ)

በመካከል ያለው የሞገድ ምልክት «ምርትን በማዳበሪያ ዓይነት ለይተህ አሳይ» ማለት ነው። ይህ ሥዕል የጽሕፈት ስሕተትን ቶሎ ያጋልጣል። በመጀመሪያው ብሎክ የድርብ ምርት 13 መሆኑ ቀርቶ 31 ተብሎ ቢገባ የድርብ አማካይ ከ10.5 ወደ 15 ይዘላል፤ ቤተሰቡንም ያለ በቂ ምክንያት ዩሪያ እንዲገዛ እንመክራለን። በሥዕሉ ላይ ግን የድርብ መስመር ከሌሎቹ እጅግ ርቆ እስከ 31 ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ ወደ መስክ መዝገቡ ተመልሶ ማመሳከር እንጂ ስላላማረን ብቻ መሰረዝ አይገባም።

7. አማካይ ብቻውን አይበቃም

የየአያያዙን አማካይ ለማግኘት፦

ታፕላይ(ምርት, ማዳበሪያ, ሚን)

መልሱ ባዶ 7.5፣ ብስባሽ 10፣ ድርብ 10.5 ኪሎግራም ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ድርብ አንደኛ ነው» ይላል። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት አያያዝ ያገኙት መደቦች ራሳቸው እኩል አላፈሩም። ብስባሽ ብቻ ያገኙት መደቦች ከ7 እስከ 13 ኪሎግራም ሰጥተዋል። እንግዲህ አንድ ዓይነት የሆኑት መደቦች ይህን ያህል ከተለያዩ፣ በብስባሽና በድርብ መካከል የታየው የግማሽ ኪሎ ልዩነት ከዩሪያው መምጣቱን በምን እናውቃለን? የቫርያንስ ትንተና የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። በአያያዞች መካከል ያለውን ልዩነት፣ አንድ ዓይነት በሆኑት መደቦች መካከል ካለው መለያየት ጋር ያነጻጽራል።

8. የቫርያንስ ትንተና

ብሎኩን ረስተን ብናሰላ፦

ሳመሪ(ኤኦቪ(ምርት ~ ማዳበሪያ))

የኤፍ ዋጋ 1.94፣ የፒ ዋጋ ደግሞ 0.20 ገደማ ይሆናል። የፒ ዋጋ ማለት አያያዞቹ በእውነቱ ልዩነት ባይኖራቸው ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመታየት ዕድሉ ነው። 0.20 ከመቶ ሃያ ስለሆነ፣ በዚህ ብቻ ስንመለከት ብስባሹም እንኳ መጥቀሙን ለመናገር አንደፍርም።

አሁን ደግሞ ሙከራው በተደለደለበት መንገድ ብሎኩን ጨምረን እናስላ፦

ውጤት <- ኤኦቪ(ምርት ~ ብሎክ + ማዳበሪያ)
ሳመሪ(ውጤት)

የሚወጣው ሠንጠረዥ የሚከተለው ነው፦

ብሎክ፦ የነፃነት ዲግሪ 3፣ የካሬ ድምር 45.33፣ የካሬ አማካይ 15.11
ማዳበሪያ፦ የነፃነት ዲግሪ 2፣ የካሬ ድምር 20.67፣ የካሬ አማካይ 10.33
ቀሪ፦ የነፃነት ዲግሪ 6፣ የካሬ ድምር 2.67፣ የካሬ አማካይ 0.44

የማዳበሪያው የኤፍ ዋጋ 10.33 ለ0.444 ሲካፈል 23.25 ገደማ ነው፤ የፒ ዋጋው 0.0015 ሆኗል። መረጃው ያው ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን ተለወጠ? በመጀመሪያው ስሌት በታችኛውና በላይኛው የግቢው ወገን መካከል ያለው የርጥበት ልዩነት ከአጋጣሚ ጋር ተደባልቆ ነበር። የታችኛው ብሎክ ሦስት መደቦች በድምሩ 36 ኪሎ ሲሰጡ የላይኛው ብሎክ የሰጡት 20 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት የማዳበሪያውን ልዩነት ሸፍኖት ቆየ። ብሎኩ ተለይቶ ሲወጣ ግን የማዳበሪያው ጥቅም ጎልቶ ታየ።

ማሳሰቢያ፦ ብሎክ የሚጨመረው ሙከራው ከመጀመሪያው በብሎክ ስለተደለደለ ነው። ሁለቱንም ስሌት ሞክሮ ደስ ያሰኘንን መምረጥ ራስንም ገበሬውንም ማታለል ነው።

የነፃነት ዲግሪውን መመልከት ጥሩ መቆጣጠሪያ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከብዛቱ ላይ አንድ ይቀነሳል። 4 ብሎክ 3፣ 3 አያያዝ 2፣ 12 መደብ 11 ይሰጣሉ። 3 እና 2 እና 6 ሲደመሩ 11 ይሆናሉ። «ፋክተር» የሚለውን ትእዛዝ ብንረሳ ግን አር ብሎክ 4 የብሎክ 1 አራት እጥፍ የሆነ መጠን ይመስለዋል፤ በብሎኩም ትይዩ 3 መሆኑ ቀርቶ 1 ይጽፋል። የስሕተት መልእክት አያወጣም። ስሕተቱን የሚያገኘው ዲግሪውን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

9. ለቤተሰቡ ምን እንበል?

የፒ ዋጋው አያያዞቹ ሁሉ እኩል አለመሆናቸውን ነገረን እንጂ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ አልነገረንም። ለዚህ «አነስተኛው ትርጉም ያለው ልዩነት» የተባለውን ልክ እናስላ፦

ኪውቲ(0.975, 6) * ኤስኪውአርቲ(2 * 0.444 / 4)

«ኪውቲ» የቲ ሠንጠረዥ ዋጋን ይሰጣል፤ እርሱም 2.447 ነው። «ኤስኪውአርቲ» ካሬ ሥር ማለት ነው። 0.444 የቀሪው የካሬ አማካይ ሲሆን 4 የድግግሞሹ ብዛት ነው። መልሱ 1.15 ኪሎግራም ነው። አሁን ልዩነቶቹን ከዚህ ልክ ጋር እናመሳክር፦

ብስባሽ ሲቀነስ ባዶ 2.5 ኪሎ፤ ከልኩ ይበልጣል
ድርብ ሲቀነስ ባዶ 3.0 ኪሎ፤ ከልኩ ይበልጣል
ድርብ ሲቀነስ ብስባሽ 0.5 ኪሎ፤ ከልኩ ያንሳል

ስለዚህ ከዚህ ሙከራ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። «ብስባሽ መጨመሩ በዚህ ግቢ ምርቱን አሻሽሏል። በብስባሹ ላይ ዩሪያ ገዝቶ መጨመሩ ግን ተጨማሪ ጥቅም መስጠቱ በዚህ ሙከራ አልታየም።» ይህ አነጋገር «ዩሪያ አይጠቅምም» ከማለት የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 0.5 ላይ 1.15 ቀንሰንና ጨምረን ስናይ፣ የዩሪያው ተጨማሪ ጥቅም በአንድ መደብ ከ0.65 ኪሎ ጉዳት አንሥቶ እስከ 1.65 ኪሎ ትርፍ ድረስ ሊሆን እንደሚችል እንገነዘባለን። ቤተሰቡ የዩሪያውን ዋጋ ከዚህ ጋር አነጻጽሮ ራሱ ይወስናል።

ከዚህም ሌላ አንድ ግቢና አንድ ወቅት ለአገር ምክር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ እንኳ፣ እንደ ማንኛውም ዝርያ፣ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት በልዩ ልዩ ቦታዎች ተፈትኗል። የጎመን ሙከራውም በሌሎች ግቢዎችና በበጋም በክረምትም ቢደገም ምክሩ ይጸናል።

10. በእኛ አገር መረጃ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ሀ) የቀን አቆጣጠር። አር ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። መዝገባችን ግን በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ሐምሌ 1 ቀን ተተክሎ መስከረም 1 ቀን መቆረጥ የጀመረ ጎመን ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት 65 ቀን ቆይቷል። ሐምሌን 11ኛ ወር፣ መስከረምን 1ኛ ወር ብለን እንዳለ ብናስገባ ግን አር ከኖቬምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 1 ቆጥሮ 61 ቀን ይለናል። አራት ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፋ ማለት ነው። ጥቅምት 30ን ደግሞ «ፌብሩዋሪ 30» ብሎ ስለሚያነበው አይቀበለውም። ስለዚህ ቀኖቹን አስቀድሞ መለወጥ፣ ወይም ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ያለውን የቀን ብዛት በመስክ ላይ ቆጥሮ መመዝገብ ይሻላል።

ለ) ሞክሼ ፊደላት። ለእኛ «ሰላጣ» እና «ሠላጣ» አንድ ናቸው። ለአር ግን ሁለት የተለያዩ ሰብሎች ናቸው። ሁለት ረዳቶች በተለያየ ፊደል ቢጽፉ አንዱ ሰብል ለሁለት ይከፈላል። ከሥራው በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል። «ሌቭልስ(ማዳበሪያ)» የሚለው ትእዛዝ በመረጃው ውስጥ ያሉትን ስሞች ስለሚዘረዝር እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመያዝ ይረዳል።

ሐ) ሥርዓተ ነጥብና አኃዝ። አር ፣ እና ። የተባሉትን ምልክቶች በትእዛዝ ውስጥ አይቀበልም፤ የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ መጠቀም ግዴታ ነው። በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ቁጥርም እንደ ቁጥር አይቆጠርለትም።

መ) የጎደለ ቁጥር ዜሮ አይደለም። በአራተኛው ብሎክ የሚገኘውን ባዶ መደብ ዶሮ ገብቶ ቢጨርሰው ምርቱ ዜሮ ነው ተብሎ አይጻፍም። ዜሮ ቢጻፍ የባዶ አማካይ ከ7.5 ወደ 6.25 ይወርድና ብስባሹ ከሚገባው በላይ ይመሰገናል። በቦታው «ኤንኤ» ተብሎ ይጻፋል። አማካዩን ስንጠይቅም፦

ሚን(ክብደት, ኤንኤ.አርኤም = ትሩ)

እንላለን። ይህን ስናደርግ የቀሩት የሦስቱ መደቦች አማካይ 8.33 ይሆናል። እርሱም ከትክክለኛው ከፍ ያለው የጠፋው መደብ በደካማው ብሎክ ስለነበረ ነው። ስለዚህ የጠፋውን መደብና የጠፋበትን ምክንያት በሪፖርቱ ላይ ማስታወቅ፣ ንጽጽሩንም ብሎክን ባካተተው ስሌት ማድረግ ተገቢ ነው።

ሠ) የትእዛዝ አጻጻፍ። አር ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር በ > ምትክ የ + ምልክት ያሳያል፤ «ገና አልጨረስክም» ማለቱ ነው። ቅንፉን መዝጋት ወይም የመሰረዣውን ቁልፍ (ኢስኬፕ) መጫን ይበቃል። «ኦብጀክት ኖት ፋውንድ» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ የጻፍነውን ስም አላውቀውም ማለቱ ስለሆነ የፊደል ስሕተት መኖሩን መመልከት ነው። የስሕተት መልእክት ጀማሪውን ሊያስደነግጠው አይገባም። ይልቅ የሚያስፈራው ከላይ እንዳየነው መልእክት ሳይሰጥ የሚያልፈው ስሕተት ነው።

11. ትእዛዞችን መዝግቦ መያዝ

ትእዛዞችን በቀጥታ ከ > ምልክት ፊት መጻፍ ለልምምድ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን ሁሉም በአንድ የትእዛዝ ጽሑፍ (ስክሪፕት) ላይ ተጽፈው መቀመጥ አለባቸው። በጽሑፉ ውስጥ ከ# ምልክት በኋላ የሚመጣውን ቃል አር አያነበውም። ስለዚህ እዚያ ላይ በአማርኛ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። ለምሳሌ፦

# ምርቱ በኪሎግራም ነው፤ መደቡ 2 ሜትር በ2 ሜትር
# ብሎክ 1 ታችኛው፣ ብሎክ 4 ላይኛው ወገን ነው

የመስክ መዝገቡ ዋናው ምስክር ስለሆነ ኮምፒዩተር ላይ ገባ ተብሎ አይጣልም። የትእዛዝ ጽሑፉና የመረጃው ቅጂም በፍላሽ ላይ ይቀመጡ።

12. የአራት ሳምንት የልምምድ ዕቅድ

በቀን አንድ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ማግኘት የሚችል ሠራተኛ በሚከተለው መንገድ ሊለማመድ ይችላል።

1ኛ ሳምንት፦ ከዚህ በላይ ያለውን የጎመን ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጻፍና አማካዮቹን በእጅ አስልቶ ማመሳከር።

2ኛ ሳምንት፦ ከአር ጋር አብረው የሚመጡ መረጃዎችን መመልከት። «ቺክደብልዩቲኤስ» የተባለው በስድስት ዓይነት መኖ የተመገቡ የ71 ጫጩቶችን ክብደት ይዟል። ዶሮ ለሚያረቡ ቤተሰቦች ምክር ለሚሰጡ ሠራተኞች ጥሩ መለማመጃ ነው።

3ኛ ሳምንት፦ «ኤንፒኬ» የተባለውን መረጃ መመርመር። ይህ በ6 ብሎክና በ24 መደብ ላይ ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽ በአተር ላይ የተሞከሩበት ነው። ብሎክ ሲጨመርና ሲቀር ውጤቱ እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ይረዳል።

4ኛ ሳምንት፦ የራስን መረጃ ማስገባት። ሁለት ሠራተኞች አንዱን መረጃ ለየብቻቸው ሠርተው ውጤታቸውን ቢያመሳክሩ ስሕተት ቶሎ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ለእርሻ ሙከራ የተዘጋጀውንና «አግሪኮሌ» የተባለውን ተጨማሪ ጥቅል መጫን ይቻላል። ጥቅሉ የሙከራ ድልድልንና የአማካዮችን ንጽጽር በአጭር ትእዛዝ ይሠራል።

13. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጸው የሚከተሉትን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሀ) ሙከራው በብሎክና በዕጣ ይደልደል፤ ስሌቱም ድልድሉን ይከተል።
ለ) ከስሌት በፊት መረጃው በሥዕል ይታይ፤ የተጠራጠርነው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር።
ሐ) አማካይ ብቻ ታይቶ ምክር አይሰጥ።
መ) የነፃነት ዲግሪው ይቆጠር።
ሠ) የኢትዮጵያ ቀን፣ የሞክሼ ፊደላትና የጎደለ ቁጥር ነገር አይዘንጋ።
ረ) እያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ሰው ሊደግመው በሚችል መንገድ ተጽፎ ይቀመጥ።

የጎመን መደብ ያላት አንዲት የአየር ጤና እናት የፒ ዋጋ ምን እንደሆነ ማወቅ አይጠበቅባትም። ዩሪያ ለመግዛት ብሯን ከማውጣቷ በፊት ግን ምክሩን የሰጣት ባለሙያ በሚገባ መርምሮ እንደሆነ ማመን መቻል አለባት። የአርን ቋንቋ መማር የሚጠቅመው ይህ እምነት በማስረጃ ላይ እንዲቆም ነው።